የልቅሶ ቤት ላስቲክ

ወንድሜ በተቀበረ በማግስቱ ሥራ ገባች ብለው እስካሁን የሚያሙኝ ሰዎች አሉ። ይሙኝ፤ አልዋሹም። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ፣ ፊቴን እንኳን በወጉ ሳልታጠብ፣ ማሽን ፊት ቆሜ ውያለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔም አፌን ይዤ ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ሆዴ አልችል አለ። ልናገርና እናንተው ፍረዱ።

ትዕግስት እባላለሁ። ስሙን ያወጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ነው። ስቆጣ ባየኝ ቁጥር “እንዲህ ቱግ የምትይ መሆንሽን መች አውቄ! ምነው ሌላ ስም ባወጣሁልሽ” እያለ ይስቅብኝ ነበር። አባታችን ልጆች እያለን ስላረፈ ሞፈር የጨበጠው እሱ፣ እኔን ያስተማረኝ እሱ፣ እናታችንን የጦራት እሱ። የሚኖረው ቁይ አጠገብ፣ በተወለድንበት ጎጥ ነው። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ እናቴም አብራቸው ነበረች።

እኔ ኬሚስትሪ ተምሬ ስጨርስ ደብረ ማርቆስ ዳር ያለች አንዲት ላስቲክ ማምረቻ ተቀጠርኩ። ፋብሪካ ብዬ አላካብዳትም፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ሚዛን፣ በላዩ የቆርቆሮ ጣሪያ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ አንተነህ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ስንጨቃጨቅ እንውላለን፣ ማታ ተሳስቀን እንለያያለን።

ሥራችን ምን መሰላችሁ? ምስር የሚያህል የላስቲክ ፍሬ፣ ለስላሳው ወይም ደረቁ ዓይነት፣ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ይቀልጥና በክብ ቀዳዳ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከውስጡ አየር ይነፋበታል። እንደ ፊኛ እየተወጠረ ሽቅብ ይሄዳል፣ እየሄደ ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ተጨፍልቆ ይጠቀለላል። ሰፊ ላስቲክ ከፈለጋችሁ ፊኛውን አብዝታችሁ መንፋት ነው። ይህቺን ፊኛ ልብ በሉልኝ፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

እናቴ ከሥራዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የገባት፤ “ላስቲክ አይጣልም፣ ትዕግስት ታቀልጠዋለች።” በየመንገዱ ያገኘችውን አጣጥፋ በጆንያ ትሞላና ወደ ማርቆስ ለሚመጣ ሰው ታስይዘዋለች። ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ለምንም የማይሆን። “እማ፣ በእመቤቴ ተይኝ፣ የት ላድርገው?” ብዬ ስንቴ ለመንኳት! ወይ ፍንክች።

ሙሉቀን የሞተው በታኅሣሥ ነው። ጤፉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ አውድማውን በእበት ለቅልቆ፣ በሬዎቹን አስገብቶ ሲያበራይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ “ሆዴን” ብሎ ተቀመጠ። “ትንሽ ልረፍ፣ እናንተ ቀጥሉ” አለ አሉ። በቃሬዛ ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጡ መንገድ ላይ አረፈ። እኔ ስደርስ ተገንዞ ነበር። ፊቱን አላየሁትም። እስከ ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ቀበርነው። በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። እንደምታውቁት ዛሬ ዛሬ ልቅሶ የሚደረሰው በንፍሮና በእንጀራ ብቻ አይደለም፤ ሰው እሽግ ውሃ እያንጠለጠለ ይመጣል። ጠርሙሶቹ በአንድ ላስቲክ ጥብቅ ተደርገው የተጠቀለሉትን ማለቴ ነው። ሙሉቀንን የማይወድ አልነበረምና ውሃው በድንኳኑ ዳር እንደ ግድግዳ ተደረደረ።

እናቴ አታለቅስም ነበር። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። አስተናጋጆቹ እሽጉን ቀደው ላስቲኩን ሲጥሉት ታነሳዋለች፣ ጭኗ ላይ ትዘረጋዋለች፣ በመዳፏ ታለሰልሰዋለች፣ አራት አድርጋ አጥፋ ከሥሯ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ሌላ። “እግዚአብሔር ያጥናሽ” ይሏታል፤ እሷ ታጥፋለች። “አፈሩን ገለባ ያርግለት” ይሏታል፤ ታጥፋለች።

“እማ፣ እባክሽ ይሄን ነገር ተይው” አልኳት በጆሮዋ። ቀና ብላም አላየችኝ።

ረፋድ ላይ ወንዶቹ ከድንኳኑ ውጭ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። ሬዲዮው ከነገ ጀምሮ ያለወቅቱ ዝናብ ይኖራል ብሏል። እናኑ ሰምታ ኖሮ ክንዴን ይዛ ወደ አውድማው ወሰደችኝ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ጤፉ ግማሹ ፍሬውን ለቋል፣ ግማሹ ገና ከነገለባው ነው። ጎረቤቶች ወደ መሀል ጠርገው ቆልለውታል። ተበራይቶ ያላለቀ ጤፍ መልሶ አይከመር፣ ፍሬው ይረግፋል፤ ከነገለባው ወደ ቤት አይገባ፣ ቤቱ አይበቃውም። ነፋስና ፀሐይ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዝናብ ካገኘው አውድማው ላይ ይበቅላል፣ ይሻግታል፣ አለቀ።

“የዓመት ቀለባችን ይሄ ነው፣ እታለም” አለች እናኑ። “የልጆቹም፣ የእማማም። ዘሩም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ሌላ አንድ ቁና የለኝም።”

“የእድሩ ሸራስ?”

“ያረጀ አይደል፣ ፀሐይ እንጂ ዝናብ መች ይይዛል? ቁይም ሰው ልኬ ነበር። ሰፊ ላስቲክ የሚባል ከገበያ ጠፍቷል። ሁሉም ለየክምሩ ተሻምቶ ወስዶታል።”

እዚያው ላይ ቆሜ አሰብኩ። የእኔ እንጀራ ላስቲክ መሥራት ነው። የወንድሜ ልጆች ደግሞ በላስቲክ እጦት ሊራቡ ነው። ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

“እማ፣ ማርቆስ ደርሼ ልምጣ።”

“ለምን?”

“ለጤፉ መሸፈኛ ላስቲክ ልሠራ። ነገ እመለሳለሁ።”

እጆቿ ቆሙ። “ነገ ሠልስት ነው።”

“አውቃለሁ፣ እደርሳለሁ።”

“ወንድምሽ ትናንት ነው አፈር የገባው። ሥራ ገባች ሊሉሽ ነው። ሰው ምን ይላል?”

“የፈለገውን ይበል!” አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ወጣ። “ጤፉ ሲበሰብስ ልጆቹን የሚቀልባቸው ሰው ነው?”

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ ያጠፈችውን ላስቲክ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች።

“ሂጂ” አለች። “እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ፣ እሱም ሞተ ብዬ እቀመጣለሁ።”

እግሬ ብቻ ወጣ። መንገዱ ጋ ሳልደርስ አክስቴ እያለከለከች ደረሰችብኝና አንድ ጆንያ አስታቀፈችኝ። “እናትሽ ያዥ ብላለች” አለችኝ። ከፈት አድርጌ ሳየው ያ የውሃ ማሸጊያ ላስቲክ ነው፣ ሁሉም አራት እየሆነ የታጠፈ። እንዲያ ብላኝ ደግሞ ይሄን ትልካለች! ገደል ልወረውረው ነበር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ሥር ወሸቅኩት።

ጋሽ አንተነህ ሲያዩኝ ደነገጡ። “ምነው ልጄ! ልቅሶሽን ጥለሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

ነገርኳቸው። ለማምረቻው ባለቤት ደወልን፤ “ቤቱ የእናንተ ነው፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ” አለ። ጋሽ አንተነህ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ለስላሳው ፍሬ አልቋል። ያለው ደረቁ ብቻ ነው። በሱ ደግሞ ትንንሽ ከረጢት እንጂ ሰፊ ላስቲክ ነፍተን አናውቅም።”

“ዛሬ እንነፋለን።”

“እሺ፣ የእናትሽ ልጅ።”

ማሽኑን አጋልን፣ ፍሬውን ሞላን። ከመጀመሪያው ማቃሰት ጀመረ። ፊኛው ወጣ፣ አየር ጨመርንለት፣ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ከዚያ እንደ ሰካራም መወዛወዝ ጀመረ። አንድ ጎኑ ሳሳ። የሳሳው ቦታ ይበልጥ ሳሳና ጧ! ብሎ ተቀደደ። እንደገና ጀመርን። ተቀደደ። ሙቀቱን ቀነስን፣ አየሩን በዝግታ ለቀቅን፣ ተቀደደ። ከቆርቆሮው ሥር ወለሉ ላይ የተቀዳደደ ላስቲክ እየተከመረ ሄደ።

“ይሄ ነገር አይገባኝም” አሉ ጋሽ አንተነህ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። “ሁለቱም ያው ላስቲክ አይደለም እንዴ? እንዲያውም ሲደርቅ የሚጠነክረው ይሄኛው ነው። ምን ቆርጦት ነው ሲቀልጥ እንዲህ የሚልፈሰፈሰው?”

“አሠራሩ ነው፣ ጋሼ። ላስቲክ ማለት በዓይን የማይታይ ረጅም ረጅም ክር ነው። የደረቁ ክሮች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ የለስላሳው ግን ከጎን ከጎናቸው ረጃጅም ቅርንጫፍ አላቸው። የአጥር እሾህ ጎትተው ያውቃሉ?”

“የባላገር ልጅ አይደለሁም እንዴ?”

“እንግዲያው ከተቆለለ ቀጥ ያለ እንጨት አንዱን ሲስቡት ሸርተት ብሎ ይወጣል። ከተቆለለ እሾህ ግን አንዱን ቅርንጫፍ ሲጎትቱ ቁልሉ ሁሉ ተያይዞ ይከተላል። ይሄም እንደዚያ ነው። ቅርንጫፋሙ በጠባብ ቀዳዳ ሲገፉት እሺ ብሎ ይፈሳል፣ ሲጎትቱት ግን እርስ በርሱ ይያዝና ይጠነክራል። የሳሳው ቦታ ‘እኔ ከዚህ በላይ አልሳብም’ ይላል፣ ጉተታው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፤ ፊኛው እኩል ይሰፋል። ቀጥ ያለው የሚይዘው የለውም። አንዴ ከሳሳ እየሳሳ ሄዶ ይበጠሳል።”

ጋሽ አንተነህ ወለሉ ላይ ያለውን ቅዳጅ አዩት። “ታዲያ ሁሉንም ለስላሳ ማድረግ የግድ ነው?”

“አይ፣ ትንሽ ከተቀላቀለበት ይበቃል። ጥቂቱ ሌላውን ይይዘዋል። ግን ያ ትንሹስ ከየት ይምጣ?”

ካለሁበት ወደ ኋላዬ ቁጭ አልኩ፤ የተቀመጥኩበት ነገር ከሥሬ ተንሿሿ። የእናቴ ጆንያ ነበር።

እንዴት እንደዘለልኩ አልነግራችሁም! የውሃ ማሸጊያ ላስቲክ ምንድን ነው? በሙቀት ተኮማትሮ ጠርሙሶቹን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ አብዛኛው ከዚያው ከቅርንጫፋሙ ዘር የሚሠራ ነው። እያወቅሁት፣ ተምሬው፣ መንገዱን ሙሉ እግሬ ሥር አድርጌው መጥቻለሁ። እናቴ ላይ ስለተናደድኩ ጆንያው ውስጥ ንዴቴን እንጂ ላስቲኩን አላየሁትም።

“ጋሼ፣ መቀስ!”

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን መቆራረጥ ጀመርን። እያንዳንዷን ስዘረጋት የእናቴ የእጥፋት ምልክት ይታያል። አንዳንዷ ላይ እንባ ይሁን ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ነጥብ አለባት። የማን የማን ውሃ ነበር ይሄ? የሙሉቀን የክርስትና ልጅ ያመጣው፣ በድንበር ተጣልተውት የታረቁት ጎረቤት ያመጡት፣ ሾፌሩ ጓደኛው ከደጀን በመኪናው የጫነው። ሁሉንም ቆራረጥነው። ከፍሬው ጋር እፍኝ እፍኝ እያደረግን ማሽኑን አጎረስነው።

መጀመሪያ የማሽኑ ማቃሰት ቀለል አለ። ከዚያ ፊኛው ወጣ። ጋሽ አንተነህ አየሩን በጥቂት በጥቂቱ ለቀቁ። ሰፋ። ተወዛወዘ። አንዱ ጎኑ ሳሳ ሲል አየሁት፣ እዚያው ላይ ቆመ። አልተቀደደም። ጎረቤቱ ተሳበለት። ፊኛው ተስተካክሎ፣ ተወጥሮ፣ ሁለት ሰው የማያቅፈው ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ሄደ።

“እሰይ!” አሉ ጋሽ አንተነህ። ዞር ሲሉ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እያለቀስኩ ነው። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ጮኼ እንጂ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሰውዬው ማሽኑን በአንድ ዓይን እያዩ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መለሱልኝ። ወንድሜ ላይ ያለቀስኩት እዚያ ነው፣ ማሽን ፊት። ሰው የሚያማኝ በዚያ ሰዓት ነበር እንግዲህ።

የተጠቀለለውን ቱቦ ሰንጥቀን ከፈትነው፣ ለሁለት ቆርጠንም ጎን ለጎን በሙቀት አጣበቅነው። በማግስቱ በጠዋት ጋሽ አንተነህ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። “እኔም ልቅሶ መድረስ አለብኝ” ብለው ጋቢና ገቡ።

ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሠልስቱ አምልጦኛል። በስተምሥራቅ ያለው ሰማይ ጠቁሯል፣ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዟል። ከመኪናው ወርጄ “ላስቲኩ መጥቷል! እጅ ስጡን!” ብዬ ጮህኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ትናንት እናቴን የተናገርኩትን ሁሉም ሰምቷል። መጀመሪያ የተነሳችው እናኑ ናት። ቀጥሎ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከተው “ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሱ እንጂ!” አሉ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ።

ላስቲኩን አውድማው ላይ ስንዘረጋው የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ነፋሱ ከሥሩ ገባበትና ቁልሉ ላይ እንደ ፊኛ ተነፋ። “ያዙት! ያዙት!” አልኩ። ዙሪያውን ሰው ነው፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ጋቢውን የታጠቀ፣ ሁሉም ጫፍ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ጋሽ አንተነህ ድንጋይ ይጭናሉ። ላስቲኩ ተወጠረ፣ ጮኸ፣ አልተቀደደም።

ከጎኔ አንድ የደረቀ እጅ ጫፉን ያዘ። እናቴ ናት። ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ ነው። ላስቲኩን በመዳፏ እንደዚያ አለሰለሰችው።

“ይሄ እኔ ያጠፍኩት ነው?” አለችኝ።

“አዎ እማ። ከውስጡ አለበት። የያዘው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ሁሉም ይቀደድ ነበር።”

ከዚያ “ሙሉዬ!” አለች። አንዴ ብቻ፤ ከዚያ እንባዋ ከዝናቡ ጋር ወረደ። “ሙሉዬ፣ የልቅሶህ ውሃ ጤፍህን ሸፈነልህ!” አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ላስቲኩን የያዘው ሰው ሁሉ አለቀሰ። እጁን ግን የለቀቀ የለም።

ዝናቡ በማግስቱም ዘነበ። አንዱ ጫፍ ረጥቦ ጠቆረ፤ የቀረው ተረፈ። ፀሐይ ስትወጣ ጎረቤቶች በደቦ አበራይተው፣ አዝርተው፣ ለእናኑ ጎተራ አስገቡላት። በአርባው ቀን ተዝካሩ የተበላው ከዚያ ጤፍ በተጋገረ እንጀራ ነው። ውሃ ይዘው የመጡት ሰዎች ናቸው የበሉት። ሙሉቀን በሕይወት ሳለ እንግዳ ሳያበላ ሰዶ አያውቅም፤ ሞቶም አበላቸው።

ያን ቀን ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ብዙ። ድሮ “ቀጥ ያልኩ ሰው ነኝ፣ ማንንም አልፈልግም” እያልኩ እኮራ ነበር። ልቅሶም እምብዛም አልደርስም ነበር፤ ሄጄ ምን እፈይዳለሁ እል ነበር። አሁን አልቀርም። እናንተም አትቅሩ። ምን እንደምትሉ ባታውቁም ሂዱ፣ አንድ እሽግ ውሃ ይዛችሁ ዳር ላይ ቁጭ በሉ። የሳሳ ሰው አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሚሠራ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኛ ቤት እንደዚያ ተብሎ አይታወቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ የደረሰችበት ልቅሶ ሁሉ ላስቲኩን እያጠፈች በጆንያ ትልክልኝ ጀመር። ጭቃ የለበትም፣ ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም፤ የውሃ ማሸጊያ ብቻ፣ አራት እየሆነ የታጠፈ። ጆንያ በመጣ ቁጥር ሰው መሞቱን አውቃለሁ። ከበድ ሲል ጋሽ አንተነህ “የተወደደ ሰው ነበር” ይላሉ። ነፍስ ይማር ብለን እናቀልጠዋለን።

ባለፈው ሰኔ የመጣው ጆንያ ከሁሉም የከበደ ነው። ያጠፈችው እናኑ ናት። የእናቴ ልቅሶ ነው።

እሱን አላቀለጥነውም። ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጧል። አሁን አጨዳው እየደረሰ ነው፣ ገበሬው ሰፊ ላስቲክ ይጠይቀናል፣ ለስላሳው ፍሬ ደግሞ እንደ ልማዱ አልቋል። ትናንት ጋሽ አንተነህ መቀሱን አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡት። ተቀመጥኩ። ከጆንያው አንዷን አወጣሁ፣ ጭኔ ላይ ዘረጋኋት፣ በመዳፌ አለሰለስኳት። መቀሱንም አነሳሁ። ልቆርጣት ነበር፣ በእውነት።

መልሼ አራት አድርጌ አጠፍኳት።